ስለ ራዲዮ ሞገድ አከፋፈል

በደቡብ አዲስ አበባ ያለው ሰፈር ነፋስ ስልክ የተባለው፥ ያለ ሽቦ ቃል የሚያስተላልፍ የራዲዮ ጣቢያ ስለ ነበረበት ነው። ነገር ግን ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ አይደለም፤ ሞገድ ነው እንጂ። ሞገድም በርዝመቱ ይከፈላል፤ ክፍሉም ባንድ ይባላል።

ሜጋኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ 1 ሚሊዮን ንዝረት ነው። 300ን ለሜጋኸርዙ ቍጥር ቢያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይታወቃል፤ ለ145 ቢካፈል 2 ሜትር ያህል፥ ለ435 ቢካፈል 70 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በእጅ በሚያዘው የአማተር ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት እነዚህ ሁለቱ ባንዶች ናቸው። አንዱ ሰው በ2 ሜትር ቢናገር፥ ባልንጀራው በ70 ሳንቲሜትር ብቻ ቢያዳምጥ፥ ጎን ለጎን ቆመው እንኳ በራዲዮ አይደማመጡም።

ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሰው አስቀድሞ ባንዱን፥ ቀጥሎ ቍጥሩን ይምረጥ፤ ከመናገሩም በፊት ያዳምጥ። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላን መነጋገሪያ ነውና፥ በዚያ ያለ ፈቃድ የሚናገር የብዙ ሰው ነፍስ አደጋ ላይ ይጥላል።