ፌርማታና ፊርማ፦ የአንድ ግስ ቤተሰብ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መኪናው ፌርማታውን ካለፈ በኋላ ነው። ረዳቱ ይቆጣል፤ ወራጁ «እዚህ ጋ ብታቆም ምናለበት?» ይላል። ሁለቱን የሚያነታርካቸው ፌርማሬ የሚባል የጣልያን ግስ ነው።

ፌርማሬ ማለት ማቆም ነው፤ ፌርማታም ከዚሁ የወጣ ስም ነው። ጣልያኖች ማቆሙንም ማቆሚያ ቦታውንም በዚሁ ስም ሲጠሩ አማርኛ ቦታውን ብቻ ወሰደ። መናኸሪያውን ሳይቀር ፌርማታ የሚሉ ግን አሉ፤ መኪና የሚያድርበትንና ለአፍታ ቆም የሚልበትን መለየት ይህን ያህል አያስቸግርም።

ጣልያንኛ ጀማሪዎች ደግሞ ፌርማሬን «መቆም» ብለው ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። መቆምስ ፌርማርሲ ነው፤ ሹፌሩ መኪናውን ሲያቆም ግን ፌርማሬ ላ ማኪና ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ቆመንና አቆመን ከልጅነቱ ጀምሮ ለይቶ ስለሚያውቅ እዚህ ላይ መሳቱ ይገርማል።

የግሱ ሥር ፊርማሬ የተባለ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ማጽናት። ጽኑ የተደረገ ነገር አይነቃነቅም፤ «ማቆም» የሚለው ፍቺም የመጣው ከዚያ ነው። ጣልያኖች እስከ ዛሬ የላላን ቁልፍ በክር ሲያጠብቁ ፌርማሬ ይላሉ። ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው የሚጫንበት ዕቃ ፌርማካርቴ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ፖስታ ቤት የሚቆይ ደብዳቤም ፌርሞ ፖስታ ይባላል። ፖሊስ ሰው ሲይዝም ግሱ ያው ነው። ለጎጃም ገበሬ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ በሬውንም ምሰሶውንም የሚያቆመው በአንድ ግስ ነውና።

ከዚያው ሥር ፊርማም ወጣ። ውል የሚጸናው በፊርማ ነው፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚፈርም ሰው መንገድ ዳር ከሚጠብቀው ፌርማታ ጋር በቃል ይዛመዳል። አማርኛማ ፊርማን ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ እያለ እንደ ራሱ ልጅ አርብቶታል። ፌርማታ ግን እስካሁን ግስ አልወለደም።

የጣልያን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወጣ። ፍሬን፣ ጎማና ካንዴላ የሚባሉት የጣልያን ቃላት ግን ዛሬም በየጋራዡ አሉ።

ሙዚቀኞችም ፌርማታ አላቸው፤ ድምፁ ከልኩ በላይ እንዲቆይ ከኖታው ራስ ላይ የሚቀመጥ ነጥብና ቅስት ነው። ጣልያኖቹ ራሳቸው ግን ያንን ምልክት ኮሮና ይሉታል፤ ዘውድ ማለት ነው።