ስሙን ለሌሎች ያወረሰ መጽሐፍ

በየቤታችን ከመጻሕፍት ሣጥን አጠገብ የተቀመጠውን ልጅ ምን እንደሚያነብ ብንጠይቀው፥ ብዙ ጊዜ «ልብ ወለድ ነው» ይለናል። ይህ ቃል አስቀድሞ የአንድ መጽሐፍ ስም እንደ ነበረ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ የታተመውም በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መጀመሪያ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ግን የወጣው ከአገሩ ርቆ በሮማ ከተማ ነው። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ሥዕል ሊማሩ ወደ ኢጣልያ ሄደው ነበር፤ ኋላም በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምሩ ነበር።

የታሪኩ መነሻ የአንድ ቤተ ሰብ መከራ ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል፤ የማያውቀው ነጋዴም የቤዛውን ገንዘብ ሰጥቶ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ባለውለታውን ሊፈልግ ወጥቶ እርሱ ራሱ ከባርነት እጅ ይወድቃል። ያን ጊዜ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ፍለጋውን ትጀምራለች። በመንገድም ብዙ ፈተና አለ፤ ወንድ መስላ የታየችውን ጦቢያን የምታፈቅር ልዕልት እንኳ አለች። በውነቱ በታሪኩ ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኝበት አጋጣሚ ከመጠን ያለፈ ይመስላል፤ ቢሆንም የአማርኛው ለዛ አንባቢውን ሳይለቅ እስከ ፍጻሜው ያደርሰዋል። ሕዝብ ኢትዮጵያን «ጦቢያ» ብሎ ይጠራ ስለ ነበረ፥ ልጅቱ የአገሯን ስም ተሸክማ ትጓዛለች ማለት ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው የነገሥታት ታሪክ፥ ደብዳቤና የሃይማኖት ትርጓሜ ነበር፤ ካንድ ሰው ልብ ብቻ የፈለቀ የአንድ ቤት ጭንቀት መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሳዛኙ ነገር የጸሐፊው የኋላ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ለወራሪው አገለገሉ፤ ከነጻነትም በኋላ በጅማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። የአገሩን ስም ለጀግናይቱ የሰጠ እጅ ለጠላት መሥራቱ ዛሬም አንባቢውን ያስጨንቃል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ አልተጣለም፤ «ጦቢያ» በሚለው ስም እየታተመ ለተማሪዎችም ማንበቢያ ሆነ። እኛም በበኩላችን ሰውዬውን መውቀስና ድርሰቱን ማንበብ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ እንላለን።

ጸሐፊው የከፈቱት መንገድ ግን ወዲያው ተከታይ አላገኘም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በአዲስ አበባ ያሳተሙት በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የሮማው መጽሐፍ ከወጣ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።