ቀጥ ያለ ጀርባ ሁሉ ጤነኛ አይደለም

እኛ መምህራን ተማሪን በሰልፍ ስናቆም «ጀርባህን ቀጥ አድርግ» ማለት ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ጤነኛን ሰው ከጎኑ ሆኖ ለተመለከተው አከርካሪው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በአንገት ሰርጎድ፥ በትከሻዎች መካከል ጎበጥ፥ በወገብ ዳግመኛ ሰርጎድ ይላል። 24ቱ አንጓዎች በዚህ ኩርባ ተደራርበው ራስን ከዳሌ በላይ ስለሚያኖሩ፥ ሰው ያለ ብዙ ድካም ይቆማል።

የዚህ ኩርባ ዋጋ ለሐኪሞች ጎልቶ የታየው በጎ ከሆነ ሥራ በተገኘ ጉዳት ነው። በአሜሪካ አገር፥ በሂውስተን ከተማ፥ ዶክተር ፖል ሃሪንግተን የልጅነት ልምሻ ጀርባቸውን ያጣመመባቸውን ሕፃናት ለመርዳት ባለ መንጠቆ የብረት ዘንግ ሠሩ፤ ሥራቸውንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 አሳተሙ። ዘንጉ አከርካሪውን ከላይና ከታች ይዞ ይለጥጠዋል። ቀድሞ ሕፃናቱ በጀሶ ታስረው ለብዙ ወራት ይተኙ ስለ ነበር፥ ነገሩ ትልቅ እርዳታ ነበረ፤ ሰውየውን መውቀስም አይገባም።

ነገር ግን የተለጠጠ ነገር ኩርባውን ያጣል። ዘንጉ እስከ ታችኛው ወገብ ከወረደላቸው መካከል አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ያዘነብሉ ጀመር፤ ቀና ብለው ለመቆም ጉልበታቸውን ማጠፍ ግድ ሆነባቸው፤ ጥቂት ቆመው ወገባቸውና ጭናቸው ይዝል ነበር። ከፊት ሲነሣ ያማረው ራጅ፥ ከጎን ሲነሣ ጉድለቱን አሳየ።

ዛሬ ሐኪሙ ታማሚውን አቁሞ ከጎን ሙሉ ራጅ ያስነሣል። ግንበኛ በቱምቢ ግድግዳውን እንደሚፈትን፥ ከመጨረሻው የአንገት አንጓ ቀጥ ያለ መሥመር ወደ ታች ያወርዳል፤ መሥመሩ በዳሌ መካከል ካለው አጥንት የላይኛ የኋላ ጫፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ካለፈ፥ ሚዛኑ እንደ ተዛባ ይቈጥረዋል። የወገቡም ኩርባ ከእያንዳንዱ ሰው የዳሌ ቅርፅ ጋር መስማማት አለበት፤ ለአንዱ የበቃው ለሌላው ያንሳል።

የተያያዙት አንጓዎች እንደ አንድ አጥንት ሆነው በያዙት አኳኋን ይቀራሉ። በኋላ ለማስተካከል ከአጥንቱ እንደ ሽብልቅ ቈርጦ ማውጣት ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህም ብዙ ደም የሚያፈስ፥ ነርቭንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ልጁን ወይም እናቱን ለዚህ ሕክምና የሚያቀርብ ሰው «ቆመው ከጎን የተነሡት ራጅ አለን? ወገባቸውስ በምን ያህል ኩርባ ይያያዛል?» ብሎ አስቀድሞ ሐኪሙን ቢጠይቅ ድፍረት አይባልበትም።