ያውቁ ኖሯል? ከሁለት ጤነኛ ወላጆች የሚወረስ የኩላሊት ሕመም

● ኩላሊት ሥራ የሚጀምረው ገና ማህፀን ውስጥ ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ አብዛኛው የእንሽርት ውሃ የፅንሱ ሽንት ነው።

● ፖሊሲስቲክ በሚባለው በዘር የሚወረስ ሕመም የኩላሊቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ተለጥጠው ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይሆናሉ። ሽንቱ በጣም ካነሰ የእንሽርት ውሃው ይጎድላል፤ ውሃው ሲጎድል ሳንባው በወጉ አያድግም። በዚህ መልኩ ክፉኛ የታመመ ጨቅላ ሲወለድ መጀመሪያ የሚቸግረው ትንፋሽ ነው።

● ሕፃናትን የሚያጠቃው ዓይነት በዓለም ደረጃ ከ20,000 ሕፃናት 1 ገደማ ላይ ይታያል። የዘረመል ጉድለቱን ሳይታመም ተሸክሞ የሚኖረው ግን ከ70 ሰው 1 ገደማ ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ዋነኛው ዘረመል ፒኬኤችዲ1 የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

● ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። እናትን መውቀስም ሆነ እርግማን ነው ማለት ሐዘንተኛን መበደል ነው።

● ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ዕድሉ በየእርግዝናው ከ4 አንድ ነው። «አንዱ ስለታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይተርፋሉ» የሚባል ነገር የለም፤ ዕጣው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይወጣል።

● የአጎትና የአክስት ልጆች ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ፤ ሲጋቡ ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል ይጨምራል። በካማሺ ዞን የሚኖሩት ጉሙዞች ባህል ከገዛ ጎሳ ማግባትን ይከለክላል፤ አማራውም ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይህ ልማድ ዘረመል ገና ስም ሳይወጣለት የቆመ አጥር ነው።

● ሕፃኑን ሲያጥቡ ከጎድኑ በታች፣ በግራና በቀኝ፣ ጠጠር ያለ እብጠት እጅዎ ላይ ካረፈ «ሆዱ ተነፍቶ ነው» ብለው አይለፉት። ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ አልትራሳውንድ ሳያሳምም ኩላሊቱን ያሳያል።

● ደም ግፊት የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። በዚህ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያሻቅብ ይችላል። የሚለካው ለሕፃን ክንድ በሚሆን ትንሽ መጠቅለያ ነው፤ የትልቅ ሰው መጠቅለያ ግፊቱን አሳንሶ ያሳያል።

● ሕመሙ ጉበትንም ያጠባስሳል፤ ይህም የውስጥ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ልጁ ደም ካስመለሰ ነገ ሳይሉ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

● አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የታመመን ኩላሊት ይጎዳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡት።

● በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከካማሺ ለሚነሳ ቤተሰብ መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅና ግፊትን በመድኃኒት መቆጣጠር ለኩላሊቱ ዕድሜ መግዛት ነው።

● ሽማግሌዎች ለጋብቻ ዘር ሲቆጥሩ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፦ «በዚህ ቤት ኩላሊቱን የታመመ ወይም ሆዱ አብጦ በጨቅላነቱ ያረፈ ልጅ ነበር?» መልሱን ነፍሰ ጡሯ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ለሐኪሟ ትንገር።