ለአዲስ አውቶሞቢል የፀረ-ዝገት ቅብ ስለ መምረጥ

አዲስ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ዙሪያውን እየዞረ የቀለሙን ማማር ይመለከታል፤ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ወንበሩን ይዳስሳል፤ ጎንበስ ብሎ ሆዱን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ዝገት ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ሰው በማያየው በዚያ ወገን ነው። ስለዚህ ከመኪና ሆድ ሥር የሚቀባው ፀረ-ዝገት ቅብ ምን ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛውም ለየትኛው መኪና እንደሚስማማ ለነጋዴዎቻችን ማስረዳት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ጉዳዩን ከመጻሕፍት ሌላ በእጄ ካለው የሒሳብ ማኅደርም ስለማውቀው፣ ከዚያው ልጀምር።

የማገለግላቸው ነጋዴ የጨውና የእህል ንግድ አላቸው። በ2009 ዓ.ም. አንድ አዲስ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ገዙ። መኪናው ከጂቡቲ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ «ወደ አፍዴራ የሚመላለስ ስለሆነ ሆዱ በደንብ ይቀባ» ብለው ወደ አንድ ጋራዥ ላኩት። ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ሆዱ ጥቁር ሬንጅ ለብሶ፣ አዲስ እንደ ተነጠፈ አስፋልት እያብለጨለጨ ተመለሰ። ደረሰኙን ተቀብዬ በማኅደር ያኖርሁት እኔ ነኝ። «የሆድ ቅብ፣ አንድ መኪና» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ሁላችንም ጉዳዩ ያለቀ መሰለን።

በ2015 ዓ.ም. መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት ሌላ መካኒክ ከሥሩ ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርግ፣ እንደ ደወል መጮኽ የሚገባው ብረት የካርቶን ድምፅ ሰጠ። ሬንጁን በጠፍጣፋ ብረት ሲያነሣው እንደ ዛፍ ልጥ ተላጠ፤ ከሥሩ የነበረውም ብረት ቅጠል በቅጠል እየሆነ ረገፈ። ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለው የሻንሲ ክፍል ተቆርጦ በብየዳ ተተካ። መኪናው አምስት ሳምንት ስለቆመ ጭነቱ ሁሉ በኪራይ ካሚዮን ሆነ። የብየዳው ደረሰኝ ከቅቡ ደረሰኝ በስተጀርባ ተሰፍቶ ይገኛል፤ በገንዘብም የቅቡን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያኽላል።

ይህ ለምን ሆነ? ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጨው ሲጨመርበት ውሃው የኤሌክትሪክን ኃይል በቀላሉ የሚያስተላልፍ ስለሚሆን የመበላቱ ሥራ ይፋጠናል። ከዚህም በላይ የባሕር ጨው ከአየር እርጥበትን የመሳብ ባሕርይ አለው፤ ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም ጨው ያረፈበት ብረት ሳይደርቅ ይውላል ያድራል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደ አውሮፓና እንደ ሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው አይበተንም። ይህ ዕድላችን ነው። ሆኖም አብዛኛው የውጭ ዕቃችን በጂቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ አዲሱ መኪና በመርከብ ተጉዞ፣ በወደቡ ግቢ በባሕር ነፋስ ውስጥ ቆይቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ነው እጃችን የሚደርሰው። የኛም ፒክአፕ የደረሰብን በዚህ ምክንያት ነው፤ የባሕሩ ጨውና የመንገዱ አቧራ ሳይታጠብ ሬንጁ ከላይ ተደረበበት። ቅቡ ጨውን ከብረቱ ጋር አንድ ላይ አሽጎ ዘጋበት ማለት ነው። ዝገት ከተበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ሬንጁን ከሥሩ ገፍቶ አነሣው፤ በተነሣው ክፍተት ደግሞ የአፍዴራ ጨውና የክረምት ጭቃ ገባበት። ከውጭ ሲታይ ጥቁርና ጤነኛ ስለነበረ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠረጠረም።

ገዢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የዛሬ አዲስ መኪና ከፋብሪካ ራቁቱን አይወጣም። አካሉ በሙሉ በቀለም ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል እስከ ውስጠኛው ስንጥቅ ድረስ ይለጠፍበትና በምድጃ ይጋገራል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ላሜራውን በዚንክ ይለብጣሉ፤ ፖርሽ በ1970ዎቹ፣ አውዲም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ረገድ ስም ያተረፉ ናቸው። ከጎማዎቹ በላይና በብየዳው መጋጠሚያዎች ላይ ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ ቅብ ይረጫል። ስለዚህ ለአዲስ መኪና ቅብ ስንመርጥ ፋብሪካው የሠራውን የሚያግዝ፣ የማያበላሽም መሆኑን ማየት አለብን። በሌላ በኩል ፋብሪካ ሁሉ አይሳሳትም ማለትም አይደለም። የቶዮታ ኩባንያ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል፣ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ በተባሉ መኪናዎቹ ሻንሲ ዝገት ምክንያት በአሜሪካ የቀረበበትን ክስ እ.ኤ.አ. በ2016 በስምምነት ለመጨረስ ተስማምቷል፤ ጉዳዩ 1.5 ሚሊዮን ያኽል መኪናዎችን የሚመለከት፣ ወጪውም እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል የተገመተ ነበር። በተለይ በሻንሲ ላይ የሚቆሙ ፒክአፖችና ካሚዮኖች የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻቸው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በገበያ ያሉት ቅቦች ብዙ ስም ቢኖራቸውም በባሕርያቸው ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ሬንጅ ነው፤ በየጋራዡ ካትራሜ ይሉታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ወፍራም ስለሆነም የጠጠርን ምት ይችላል። ጉድለቱ ከጊዜ በኋላ መድረቁና መሰንጠቁ ነው፤ በቆላው ሙቀትና በደጋው ብርድ መካከል ለሚመላለስ መኪና ደግሞ ይህ ፈጥኖ ይደርስበታል። ጎማ የተቀላቀለበት ቅብ ከሬንጁ ይልቅ ይተጣጠፋል፤ በፒስታ መንገድ ለሚውል መኪና ከጎማዎቹ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ ቢቀባ መልካም ነው። ነገር ግን እርሱም ከተላጠ በሥሩ ውሃ ይይዛል። ሁለት ወገን ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ቅብ ፍጹም ንጹሕ የሆነ ብረት ስለሚፈልግ ለአሮጌ ሻንሲ ጥገና እንጂ ለአዲስ መኪና የሚያስቸኩል አይደለም።

እኔ የምመርጠው ሰም ያለበትን ቅብ ነው። ሰሙ በማሟሚያ ፈሳሽ ቀልጦ ይረጫል፤ ፈሳሹ ሲተን ለስላሳ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ስለማይደርቅ አይሰነጠቅም፤ በጠጠር ቢጫርም በመጠኑ ራሱን መልሶ ይዘጋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ወደ ተሸሸጉት ክፍሎች የሚገባ መሆኑ ነው። መኪና ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ አይዝግም፤ ከበሩ ሥር ያለው ማረገጫ፣ የሻንሲው ውስጠኛ ሣጥን፣ የበሩ ታችኛ ጠርዝ ሁሉ ባዶ ዋሻ ናቸው፤ እርጥበት የሚያድረውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዲትሮይት ከተማ ኩርት ዚባርት የተባለ ጀርመናዊ መካኒክ በቀጭን ቱቦ እነዚህን ዋሻዎች የመርጨትን ሥራ ራሱን የቻለ ንግድ አድርጎ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ብዙም አልተለወጠም። ሬንጅ ይህን ሊሠራ አይችልም፤ እንዲያውም ባልሠለጠነ እጅ ሲረጭ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ያን ጊዜ ማረገጫው የውሃ ጋን ይሆናል።

የሰሙ ጉድለት ዘላቂ አለመሆኑ ነው። በየዓመቱ መታየት፣ በሁለት ዓመት ገደማም መታደስ አለበት። ዘይትና ላኖሊን ያለባቸው ቅቦች የባሰውን ይጠፋሉ፤ በየዓመቱ መረጨት ይፈልጋሉ፤ በጎናቸው ግን ተስበው ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ መግባትን የሚያኽላቸው የለም። ላኖሊን ማለት የበግ ጠጉር ሲታጠብ የሚወጣው ቅባት ነው፤ የመንዝን ባና የሚሠሩ ሰዎች ሳያውቁት በእጃቸው ይነኩታል። የማዕድን ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ የተፈጥሮ ጎማ የሆኑትን ጎሚኒዎች ስለሚያሳብጥ ከእነርሱ ማራቅ ያሻል። አቧራ ይስባል ተብሎም ይታማል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን አቧራ ከጨው ይሻላል።

ከባትሪ ጋር ተያይዞ ዝገትን ያቆማል ተብሎ ስለሚሸጠው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን የሚጠይቁኝ አሉ። ይህ ዘዴ በባሕር ውስጥ ላለ መርከብና በመሬት ለተቀበረ ቱቦ ይሠራል፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ውሃ ወይም እርጥብ አፈር በዙሪያቸው አለና። በአየር ላይ የሚሄድ መኪና ይህ የለውም። ገንዘባችሁን ለሳሙናና ለውሃ ብታውሉት ይሻላል።

አሁን ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ልናገር፤ ምክንያቱም በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ የአዲስ መኪና ገዢ ጥያቄ በአብዛኛው ይህ ሆኗል። የእነዚህ መኪናዎች ሆድ ከቤንዚኑ መኪና ሆድ የተለየ ነው። ወለሉን የሸፈነው ትልቁ የባትሪ ሣጥን ነው፤ በሣጥኑ ላይ በአደጋ ጊዜ ግፊቱ የሚወጣበት መተንፈሻ አለ፤ ብርቱካን ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚሄድባቸው ናቸው። የባትሪውን ሣጥን ሬንጅ የቀባ ሰው መተንፈሻውን ሊደፍን፣ የሣጥኑን መጋጠሚያና የደረሰበትን ጭረት ከመርማሪ ዓይን ሊሰውር ይችላል፤ የፋብሪካውንም ዋስትና ለክርክር ያጋልጣል። ስለዚህ ባትሪው፣ ገመዱ፣ ሞተሩና የማቀዝቀዣው ክፍል ምንም ቅብ ሊነካቸው አይገባም። ሰም ቢረጭ፣ ጎማዎቹን በሚሸከሙት የብረት ክንዶች፣ በኋላው የብረት መሸከሚያና በማረገጫዎቹ ውስጥ ይሁን፤ ይህም የሻጩ ፈቃድ በጽሑፍ ከተገኘ በኋላ ነው። በብዙዎቹ የባትሪው ሣጥን አሉሚኒየም፣ የታሠረበት ብሎን ብረት በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ጨዋማ ውሃ ሲገባ ራሱን የቻለ ትንሽ ባትሪ ይፈጠርና አንደኛው ማዕድን ይበላል። ለዚህ መድኃኒቱ መታጠብ ነው።

ቅቡን ለሚያስመጡና በሱቅ ለሚሸጡም አንድ ነገር ላስታውስ። በቆርቆሮው ላይ «በጨው ጭጋግ ይህን ያኽል ሰዓት ተፈትኗል» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ቢ 117 የተባለው ፈተና ማለት ነው። በፈተናው የተቀባው ላሜራ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከመቶ 5 እጅ ጨው ባለበት ውሃ ጭጋግ ውስጥ ይቆያል። ሁለት ቅቦችን ለማወዳደር ይረዳል፤ ሰዓቱን ወደ ዓመት ለውጦ «አሥር ዓመት ይቆያል» ብሎ ለደንበኛ መናገር ግን ትክክል አይደለም፤ ፈተናው የፒስታ ጠጠርም የጎማ ጭቃም የለበትምና። ማሟሚያ ፈሳሹም እሳት የሚይዝ ስለሆነ ቆርቆሮው ከምድጃና ከብየዳ ሥራ ርቆ ይቀመጥ።

ከጋራዡ ጋር በምትዋዋሉበት ጊዜ፣ ሆዱ ከፍ ተደርጎ በብዙ ውሃ መታጠቡን፣ በፀሐይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መድረቁን፣ የፍሬኑ ሸክላና ማርሚታው መሸፈናቸውን፣ የውሃ መውረጃዎቹም ከተረጨ በኋላ በሽቦ መከፈታቸውን በዓይናችሁ እዩ። ጠዋት ሰጥቶ ከሰዓት መቀበል አይሆንም። ከክረምቱ ማለፍ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ነጋዴው በ2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲገዙ ሦስት ቀን ጋራዥ ዋለ፤ የመጀመሪያው ቀን ለእጥበት፣ ሁለተኛው ለመድረቅ፣ ሦስተኛው ለሰሙ። ደረሰኙን ራሴ ነኝ ያስጻፍሁት፤ የቅቡ ዓይነት፣ የተረጨበት ቦታ፣ ያልተረጨበት ቦታና የሚታደስበት ወር ተዘርዝሮበታል። ጋራዡ መጀመሪያ «ይህን ሁሉ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ አጉረምርሞ ነበር፤ የሁለቱን አሮጌ ደረሰኞች ቅጂ ባሳየሁት ጊዜ ዝም ብሎ ጻፈ።