ከተረት በኋላ፣ ከልቦለድ በፊት

«የዛሬ ልጅ መጽሐፍ አይገልጥም» የሚለው ወቀሳ ከመምህራን ማረፊያ እስከ መጽሐፍ ምረቃ መድረክ ድረስ የማይሰማበት ቦታ የለም። ወቀሳው በተለይ የሚበረታው 7ኛና 8ኛ ክፍል ባሉት ልጆች ላይ ነው። እነዚሁ ልጆች ማታ ስልክ እጃቸው ሲገባ ምን እንደሚያደርጉ ላስተዋለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ በተከታታይ የሚለቀቁ የፍቅርና የምሥጢር ታሪኮች አሉ። ክፍል 11 ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል ይቋረጣል፤ ከሥሩ «100 ላይክ ሲሞላ ክፍል 12 ይለቀቃል» የሚል ማስታወቂያ ይከተላል። ፊደሉ የተዛባ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የጠፋ ነው። ልጆቹ ግን እስከ መጨረሻው ይከተሉታል፤ በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ይከራከሩበታል። ይህ ንባብ አይደለም ማለት ያስቸግራል።

ምርጫቸውም አዲስ አይደለም። ወላጆቻቸው በዚህ ዕድሜ የማሞ ውድነህን የስለላ ታሪኮችና የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች እየተከራዩ፣ በደብተር ሸፍነው ያነቡ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ብዙዎች መጀመሪያ ያወቁት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እየጠበቁ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲዞር የከረመው ልብ አንጠልጣይ ስለነበረ ነው። በየዘመኑ የዚህ ዕድሜ አንባቢ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ቀጥሎ ምን ሆነ?

ጥያቄውን የሚመልስለት መጽሐፍ ግን በሚያሻው ዕድሜ አያገኝም። ለሕፃናት ተረት አለ፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ስንቱን አሳድገውበታል። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀምረዋል። ለአዋቂውም ልቦለድ አልጠፋም። በመካከሉ ግን ክፍተት አለ። የ13 ዓመት ልጅ ዋና ባለታሪክ የሆነበት፣ የጓደኛ ኩርፊያን፣ የጉርምስናን ግራ መጋባት፣ የሰፈርን ምሥጢር በዚያ ዕድሜ ዓይን የሚያይ የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጁ ከጦጣና ከዝንጀሮ ተረት ተነሥቶ ብዙ መቶ ገጽ ወዳለው የአዋቂ ልቦለድ በአንድ ዝላይ እንዲሻገር ይጠበቅበታል። ሲያቅተው «አያነብም» ይባላል።

ክፍተቱን ያሰፋው የገበያው ጠባይ ነው። ለዚህ ዕድሜ መጽሐፍ የሚገዛው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው። ወላጅ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እያሰበ ኪሱ ሲገባ እጁ የሚያመራው ወደ አጋዥ መጽሐፍ ነው። ከውጭ የሚገባው ወረቀት በተወደደ ቁጥር ልቦለዱ ከቤተሰብ ወጪ ዝርዝር ቀድሞ የሚሰረዝ ሆኗል። አሳታሚውም ይህን እያወቀ ገንዘቡን ሊያወጣበት አይደፍርም።

ትምህርት ቤት ማካካስ ሲገባው ንባብን ፈተና አድርጎታል። ከምንባቡ ሥር «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ጥያቄ፣ ቀጥሎ የቃላት ፍቺ ይደረደራል። ብልጡ ተማሪ ታሪኩን ትቶ ጥያቄውን አስቀድሞ ያያል፣ መልሱንም ከአንቀጹ ይለቅማል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የላይብረሪው መደርደሪያ በመማሪያና በማጣቀሻ መጻሕፍት የተያዘ ነው፤ ልቦለድ ቢገኝም እንዳይጠፋ ተብሎ ውሰት ይከለከላል። በብዙ ቦታ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ልጁ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ሊጣፍጠው ሲጀምር ትኩረቱ ወደ ሌላ ይዞራል።

መሠረቱም ጠንካራ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት ማንበብ አለመለመዱ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር መምህር ጥቂት ነው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ሰው ያስተናግዳል። መልካም ነው። ነገር ግን ብዙው ተማሪ ወደ ንባብ አዳራሽ የሚገባው የራሱን ደብተር ይዞ ለፈተና ሊያጠና ነው፤ ከከተማው ዳር ለሚመጣው ደግሞ የታክሲ ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ለ13 ዓመት ልጅ የሚጠቅመው ክፍሉ ውስጥ ያለች፣ ቤት ይዞ የሚሄደውን መጽሐፍ የሚመርጥባት አንዲት ሣጥን ናት።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ትምህርት ቤቶች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ጥያቄና ነጥብ ለሌለው ንባብ ይስጡ፤ መጽሐፍ ይጠፋል ብለው ከመቆለፍ አልፎ አልፎ ቢጠፋም ያውሱ። ደራሲዎች ለዚህ ዕድሜ ይጻፉ፤ ልጆቹ ያሉት ቴሌግራም ላይ ከሆነም ጥሩ ታሪክ በጥሩ አማርኛ እዚያው ክፍል በክፍል ይልቀቁላቸው። ወላጅም ከአጋዥ መጽሐፉ ጎን አንድ ልቦለድ ይጨምር። ልጁ የንባብ ፍላጎቱን አላጣም፤ የሚመጥነውን መጽሐፍ ያላቀረብንለት እኛ ነን።