ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ረጅም በረራና የእግር ደም መርጋት



የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች እኔ ጋር ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ግፊትና ስለ ስኳር መድኃኒታቸው ነው። እኔ ደግሞ «ስንት ሰዓት ነው የሚቀመጡት?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከዳለስ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አውሮፕላኑ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን በተለምዶ ከ16 ሰዓት በላይ ነው።

ለምን? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ሰው ጋር ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። ነዳጅ ሲሞላ ደግሞ መንገደኛው ብዙ ጊዜ አይወርድም፤ እዚያው ይቀመጣል።

ችግሩ እዚህ ጋር ነው። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ እየገፋው ነው። ጉልበት ታጥፎ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ደሙ ይዘገያል፣ ሊረጋም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት መሠረት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጉዞ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤናማ ሰው ግን አሁንም አነስተኛ ነው፤ ከ6,000 መንገደኞች አንድ ሰው አካባቢ። ስለዚህ አይፍሩ፣ ይዘጋጁ።

ምን ያድርጉ?

1. በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ። ከተቻለ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይጠይቁ።
2. ተቀምጠውም ተረከዝዎንና ጣትዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ።
3. ውኃ ይጠጡ። ብዙ እናቶች «ሽንት ቤት እንዳልመላለስ፣ ሰው እንዳላስቸግር» ብለው ይጠማሉ። እናቴ፣ መመላለሱ ራሱ መድኃኒት ነው!
4. መድኃኒትዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ የሰዓት ልዩነቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶች እንዲሁም የካንሰር ታማሚዎች ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። «ደም ያቀጥናል» ተብሎ አስፕሪን በራስ መጀመር አይመከርም።

ከደረሱ በኋላስ?

ምልክቱ ከበረራው ሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባትዎን ካመመዎት ወይም ካተኮሰዎት «የመንገድ ድካም ነው» ብለው አያሳልፉት፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ደም ካሳለዎት ግን አሜሪካ ከሆኑ 911 ያስደውሉ፤ አገር ቤት ከሆኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መንገድ ለሚሄዱ እናት አባቶቻችሁ አንብቡላቸው። መልካም ጉዞ!